ፓወር የሌላት መኪና እና ፓወሯ የተነቀለባት መኪና አንድ አይደሉም

ለ፦ በጎጃም ከተሞች ዓመታዊ የተሽከርካሪ ምርመራ ለምታካሂዱ ባለሙያዎች፣ ለአሽከርካሪ ማሠልጠኛ ተቋማት እና ለትናንሽ መኪና ባለቤቶች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ትናንሽ የከተማ መኪኖች ፓወር ስቲሪንግ (በተለምዶ «ፓወር» የሚባለው፣ መሪን ለማዞር የሚያግዝ መሣሪያ) ያስፈልጋቸዋል ወይስ አያስፈልጋቸውም የሚለው ጥያቄ በልማድ ሳይሆን በፍተሻ እንዲመለስ ስለ መጠየቅ

የተከበራችሁ ባለሙያዎች፣ ውድ ወገኖቼ፤

እኔ በደብረ ማርቆስ ከተማ አውቶሞቢል መንዳት በማስተማር የምተዳደር፣ ከዚያም በፊት በጋራዥ በረዳት መካኒክነት ለዓመታት የሠራሁ ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በጋራዥ፣ በመኪና ሻጭና ገዢ መካከል፣ አልፎ አልፎም በምርመራ ግቢ ውስጥ ደጋግሜ የምሰማው አንድ አባባል ነው፤ «ትንሽ መኪና ፓወር አያስፈልጋትም» ይባላል። የአባባሉ ግማሽ እውነት ነው፤ ብዙ ሰው ሳይመረምር የሚቀበለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የቀረው ግማሽ ግን ምን እንደሚያስከትል በገዛ ቤቴ አይቼዋለሁ።

ባለቤቴ ለሥራ የምትመላለስባት አንዲት ያገለገለች ትንሽ መኪና አለችን። የመሪዋ ማገዣ በዘይት ግፊት የሚሠራው ዓይነት ነው። ባለፈው ዓመት ክረምት ሲገባ የመሪው ሳጥን ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረ፤ ወደ አንድ ጋራዥም ወሰድናት። መካኒኩ መለዋወጫው ውድ እንደ ሆነና ከአዲስ አበባ ካልሆነ እንደማይገኝ ነገረን፤ ከዚያም የማገዣውን ፓምፕ የሚያዞረውን ቺንጋ (ቀበቶ) ቆርጦ አወጣውና «ትንሽ መኪና ናት፣ ፓወር አያስፈልጋትም፣ ይልቁንም ነዳጅ ትቆጥባለች» ብሎ ሸኘን። ባለቤቴ በማግሥቱ «መሪው እኮ ከበደኝ» ስትለኝ ትለምጂዋለሽ አልኋት። ይህን በመናገሬ እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል፤ ሙያዬ ሆኖ ሳለ ኮፈኑን ከፍቼ ማየት ነበረብኝ። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ መኪናዋ ለዓመታዊ ምርመራ ቀረበች፤ ፍሬኗ ታየ፣ መብራቷ ታየ፣ ቦሎም ተለጠፈላት። መሪዋን በእጁ ያዞረ ሰው ግን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በአንድ የገበያ ቀን፣ ኮብልስቶን በተነጠፈበት ቁልቁለት ላይ በዝግታ ስትወርድ፣ ከፊቷ ይሄድ የነበረ የፈረስ ጋሪ ድንገት ቆመ። ፍሬኑን ይዛ መሪውን ወደ ቀኝ ለማዞር ሞከረች። መሪው እምቢ ባይልም የምትፈልገውን ያህል በምትፈልገው ፍጥነት አልዞረላትም፤ የጋሪውን ጎማ ገጭታ ወደ ውኃ መውረጃው ቦይ ገባች። ፈረሱም ባለ ጋሪውም ደኅና ነበሩ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ባለቤቴ ግን የእጅ አንጓዋ ተጎድቶ አራት ሳምንት ታሽጎ ከረመ። ፍጥነቷ ከሰው እርምጃ ብዙም አይበልጥም ነበር።

አባባሉ ከየት እንደ መጣ አውቃለሁ። አጎቴ ፊያት 600 ነበረቻቸው። ያቺ መኪና ሁለመናዋ 600 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን ሞተሯ የተቀመጠው ከኋላ ነበር፤ ስለዚህ በፊት ጎማዎቿ ላይ የሚያርፈው ከጠቅላላ ክብደቷ ከግማሽ ያነሰ ነው። ጎማዎቿም ቀጫጭን ነበሩ። ሞተሯ ከኋላ የሆነችው የድሮዋ ቮልስዋገንም እንዲሁ የፊት ጎማዎቿ ሸክም ቀላል ነው። በአዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት በታክሲነት ያገለገለችው ሰማያዊና ነጭ ላዳ ሞተሯ ከፊት ቢሆንም፣ ክብደቷ ከ950 ኪሎ ግራም ብዙም ስለማይርቅ፣ ጎማዋ ቀጭን፣ መሪዋ ደግሞ ሰፊ ስለ ሆነ ሾፌሮቿ ከማለዳ እስከ ማታ ያለ ማገዣ ሲያዞሯት ኖረዋል። እነዚህን መኪኖች የነደፉ መሐንዲሶች ማገዣውን ሲተዉ የሰው ክንድ ብቻ መሪውን እንደሚያዞረው አስበው፣ በመሪው ሳጥን ውስጥ ያሉትን የጥርሶች ምጣኔም በዚያው ልክ ወስነው ነው። ሾፌሩ መሪውን ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ለማድረስ ብዙ ዙር ያዞራል፤ በምትኩ እያንዳንዱ ዙር ለክንዱ ይቀለዋል። እንግዲህ ለእንዲህ ያሉት መኪኖች ማገዣ አያስፈልጋቸውም ቢባል ትክክል ነው፤ ዛሬም በመንገድ ላይ ቢገኙ ስለ ማገዣ ማንም ሊጠይቃቸው አይገባም። ሦስት ጎማ ያላትን ባጃጅማ መጥቀስም አያሻም፤ አንድ የፊት ጎማዋ ላይ የሚያርፈው ክብደት እጅግ ጥቂት ነው።

አጎቴ መንዳት ሲያስተምሩኝ ደጋግመው የሚሉኝ ነገር ቢኖር «ጎማው ሳይንከባለል መሪ አታዙር» የሚል ነበር። ያን ጊዜ ምክንያቱን አልገለጹልኝም፤ በኋላ በጋራዥ ስሠራ ነው የተረዳሁት። መኪና ቆማ ሳለ መሪው ሲዞር ጎማው ከመሬት ጋር የተገናኘበት ገጽ በቦታው ላይ እየተፋተገ ይጠመዘዛል፤ ሙሉውን ሰበቃ የሚያሸንፈው የሾፌሩ ክንድ ነው። ጎማው ጥቂት እንኳ ከተንከባለለ ግን ያ ፍትጊያ ይረግባል፤ መሪውም ወዲያው ይቀላል። በምህንድስና የታወቀ አንድ ቀመር እንደሚያሳየው የቆመ ጎማን ለመጠምዘዝ የሚያስፈልገው ኃይል በጎማው ላይ ካረፈው ክብደት ይልቅ ፈጥኖ ያድጋል፤ ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። የጎማው ነፋስ ሲጎድልም ይጨምራል፤ 32 ፒ ኤስ አይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው) መሆን የሚገባው ነፋስ ወደ 20 ቢወርድ መሪው በሩብ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ መሪ ከበደኝ ብሎ ወደ መካኒክ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ጎሚስታ ዘንድ ቢደርስ መልካም ነው። ወደ እኔ ከሚመጡት የመኪና ባለቤቶች መካከል ችግራቸው ነፋስ ብቻ ሆኖ የተገኘ ብዙዎች ናቸው። ለመልክ ተብሎ የሚገጠም ሰፊ ጎማና ወደ ውጭ የወጣ ቸርኬም መሪውን ያከብደዋል፤ የደረቀ ቴስቲና (መሪውን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው መገጣጠሚያ) እና የተዛባ የጎማ ቅንብርም እንዲሁ።

አሁን የዛሬዋን ትንሽ መኪና እንመልከት። በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር ጎዳናዎች ላይ የምናያት የቶዮታዋ ቪትዝ ቁመቷ አጭር ስለ ሆነ ትንሽ እንላታለን እንጂ፣ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራችው ሁለተኛዋ ትውልድ ክብደቷ ወደ 1000 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ሞተሯም ካምቢዮዋም ከፊት ናቸው፤ ከክብደቷ ከግማሽ የሚበልጠውን የሚሸከሙት የፊት ጎማዎች ናቸው፤ የሚዞሩትም እነርሱው ናቸው። በአጎቴ ፊያት የፊት ጎማዎች ላይ 250 ኪሎ ግራም ያህል ያርፍ ነበር ብንል፣ በቪትዟ ላይ 600 ያህል ያርፋል። ሌላው ነገር ሁሉ እኩል ቢሆን ከላይ ባነሣሁት ቀመር መሠረት የቆመውን ጎማ ለመጠምዘዝ የሚያስፈልገው ኃይል ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል ማለት ነው። ሁለቱንም በአንድ ቃል «ትንሽ መኪና» ብለን ስንጠራቸው ይህ ሁሉ ልዩነት ከዓይናችን ይሰወራል።

በኤሌክትሪክ የሚሠሩት አዲሶቹ መኪኖች ደግሞ ነገሩን ከዚህም ያልፉታል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ ማዞሩ የግድ ሆኗል። የእነዚህ መኪኖች ባትሪ ከወለላቸው ሥር የተዘረጋ ከባድ ነገር ነው፤ ከትናንሾቹ አንዷ የሆነችው ቢ ዋይ ዲ ሲጋል እንኳ ከ1100 ኪሎ ግራም በላይ ትመዝናለች። ስለ እነርሱ ማገዣ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም ብሎ መከራከር ፋይዳ ያለው አይመስለኝም። በሌላ በኩል በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከፍተኛ ታክስ ስለ ጣለ፣ ቀድሞ የገቡት አሮጌ መኪኖች ዋጋቸው ተወዶ በእጃችን ሊቆዩ ግድ ሆነ። እነርሱም ሲያረጁ መጀመሪያ ከሚያፈሱት ክፍሎች አንዱ የመሪው ማገዣ ነው። ቺንጋ የመቁረጥ ልማድ የተስፋፋውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ መለዋወጫው ሩቅና ውድ ሲሆን መቀስ ቅርብ ነው።

ፓወር ስቲሪንግ በመጀመሪያ የተፈለሰፈው ለከባድ መኪኖች መሆኑ እውነት ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍራንሲስ ዴቪስ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ሠርቶ ያሳየው በትልቅ አውቶሞቢል ላይ ነበር፤ ለሽያጭ በቀረበ የቤት መኪና ላይ በ1951 እ.ኤ.አ. የታየውም በክራይስለር ኢምፔሪያል ላይ ሲሆን፣ እርሷም ግዙፍ መኪና ነበረች። በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራው ማገዣ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. ለገበያ የወጣው ሱዙኪ ሴርቮ በምትባል፣ ሞተሯ ከ550 ሲሲ በማይበልጥ የጃፓን ትንሽ መኪና ላይ ነው። ትንሽ ሞተር የዘይት ፓምፕ የሚያዞርበት ትርፍ ጉልበት የለውም፤ ፓምፑ መኪናዋ ቀጥ ብላ በምትሄድበት ጊዜም ሳይቀር ዘወትር ከሞተሩ ይበላል። የኤሌክትሪኩ ማገዣ ግን መሪው ሲዞር ብቻ ይሠራል። ለትንሿ መኪና የሚስማማ ማገዣ ለማግኘት የደከሙ ሰዎች ትንሽ መኪና ማገዣ አያስፈልጋትም ብለው አላሰቡም፤ ይልቁንም ሸክሙን ከደካማ ሞተሯ ላይ እንዴት እናንሣላት ብለው ነው የጠየቁት።

ይህ ለእኛ አገር የበለጠ ትርጉም አለው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2400 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል እንደሚያጣ ይታወቃል፤ ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ከተማ 70 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እዚህ ከእኛ ዘንድ ሲደርስ የሚቀረው 55 እንኳ አይሞላም። ከዚህ ላይ የዘይት ፓምፑ የሚወስደው ሲቀነስ፣ ቺንጋ ቆራጩ መካኒክ «ነዳጅ ትቆጥባለች» ያለው ነገር ሐሰት እንዳልነበረ አምናለሁ። ቁጠባው የተገኘው ግን ከባለቤቴ ክንድ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ያለ ማገዣ የተሠራች መኪናና ማገዣዋ የተነቀለባት መኪና ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ማገዣ ታስቦላት የተሠራች መኪና የመሪዋ የጥርስ ምጣኔ ፈጣን ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሦስት ዙር ገደማ ብቻ ትዞራለች፤ ምክንያቱም የሚያዞራት የማገዣው ዘይት ወይም የማገዣው ኤሌክትሪክ ሞተር እንጂ ሰው አይደለም ተብሎ ታስቧል። ማገዣው ሲወገድ ግን ምጣኔው እንደዚያው ይቀራል፤ ያን ሁሉ ሸክም ክንድ ይረከባል። ከዚህም በላይ ቺንጋው ብቻ ተቆርጦ ሳጥኑ በቦታው ሲቀር፣ ሾፌሩ መሪውን ባዞረ ቁጥር በሳጥኑ ውስጥ የቀረውን ዘይት በጠባቡ መተላለፊያ ውስጥ የሚገፋው በገዛ እጁ ነው። ዘይቱም ፈስሶ ካለቀ ጎሚኒዎቹ (ዘይት እንዳያልፍ የሚይዙት ላስቲኮች) ደርቀው ይሰነጠቃሉ፤ የብረቱ ክፍልም ያለ ቅባት ይፋተጋል። እንዲህ ያለችው መኪና ከአጎቴ ፊያት ጋር የምትመሳሰለው ማገዣ ባለመኖሩ ብቻ ነው፤ በእጅ ላይ ያላት ክብደት ግን ከትልቅ መኪና ጋር ይቀራረባል።

በእርግጥ ማገዣውን በአግባቡ ማስወገድ ይቻላል። ፋብሪካው ለዚያው ሞዴል ያለ ማገዣ የሚሠራ የመሪ ሳጥን ሠርቶ ከሆነ፣ ያንን ሙሉ በሙሉ ገጥሞ የጎማውን ቅንብር ማስተካከል ሥራ ነው፤ እኔም አከብረዋለሁ። ሳጥኑን ፈትቶ ጎሚኒውን መቀየርና ቱቦውን ማደስም አብዛኛውን ጊዜ ሰዎች ከሚፈሩት ዋጋ ያነሰ ነው። ቺንጋ ቆርጦ መተው ግን ጥገና አይደለም።

በብዙ አገሮች የሚሠራበት የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 79 ይህን ነገር እንዴት እንደሚመለከተው ማወቁ ይጠቅመናል። ደንቡ ትንሽ መኪና ፓወር ይኑራት ወይም አይኑራት አይልም። የሚጠይቀው ውጤቱን ነው፤ የሰው ማመላለሻ አውቶሞቢል በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር እየሄደ 12 ሜትር ራዲየስ ወዳለው ክብ በ4 ሰከንድ ውስጥ ሲገባ፣ በመሪው ላይ የሚያርፈው የእጅ ኃይል ከ150 ኒውተን መብለጥ የለበትም። ይህ በእኛ አነጋገር 15 ኪሎ ገደማ የማንሣት ያህል ነው። ማገዣው ከተበላሸ ደግሞ 20 ሜትር ራዲየስ ላለው ሰፋ ያለ ክብ እስከ 300 ኒውተን፣ ማለትም 30 ኪሎ ገደማ ድረስ ይፈቅዳል፤ ይህም ሾፌሩ መኪናዋን ከአደጋ አውጥቶ ዳር እንዲያስይዛት እንጂ በየቀኑ እንዲነዳት የታሰበ አይደለም። መመዘኛው እንዲህ በውጤት ሲሆን ፍትሐዊ ነው፤ ቀላሏ አሮጌ ፊያት ያለ ማገዣ ታልፋለች፣ ቺንጋዋ የተቆረጠባት መኪና ግን ትያዛለች።

የምርመራ ባለሙያዎች ሆይ፣ ይህን ለመፈተን ውድ መሣሪያ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። በግቢያችሁ ውስጥ 12 ሜትር ራዲየስ ያለው ቅስት በኖራ ማስመር ይቻላል። በየገበያው ማርና ቅቤ የሚመዘንበት መንጠቆ ያለው የስፕሪንግ ሚዛን በመሪው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ ቢሳብ ስንት ኪሎ እንደሚያነብ ያሳያል። ልኩ እንደ ቤተ ሙከራ የጠራ ባይሆንም 12 ኪሎን ከ35 ኪሎ ለመለየት በቂ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ኮፈኑን ከፍቶ ፓምፕ እያለ ቺንጋ የሌለበትን መኪና መለየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። በኤሌክትሪክ ማገዣ ለሚሠሩትም ቁልፉ ሲከፈት የመሪው ምልክት መብራት በዳሽቦርዱ ላይ በርቶ መጥፋቱን ማየት ይበቃል፤ ምልክቱ እንዳይታይ አምፖሏን ነቅለው መኪና የሚሸጡ ሰዎች አጋጥመውኛል። የኤሌክትሪክ ማገዣ ከባትሪው ብዙ አምፔር የሚስብ በመሆኑ ባትሪው ወይም ዲናሞው የደከመ እንደ ሆነ መሪው ድንገት ይከብዳል፤ መኪናዋ ቆማ መሪው ደጋግሞ ሲዞርም ማገዣው የራሱ ኤሌክትሪክ ሞተር እንዳይቃጠል ለመጠበቅ እገዛውን ይቀንሳል። ባለቤቶች ይህን ስለማያውቁ መሪው ተበላሸ ብለው ይደነግጣሉ።

የመንገዳችን ጠባይም ከግምት ሊገባ ይገባል። ማገዣ የሌለው መሪ በድንጋይ ወይም በጉድጓድ ላይ ሲያልፍ ምቱን በቀጥታ ወደ እጅ ያደርሰዋል፤ መሪው በድንገት ይመታል። አውራ ጣቱን በመሪው ስፖኮች መካከል አስገብቶ የያዘ ሾፌር ጣቱ ሊሰበር ይችላል። በኮብልስቶንና በጠጠር መንገድ ላይ ለሚነዳ ሰው የማገዣው ጥቅም ይህን ምት ማለዘቡም ጭምር ነው፤ በለስላሳ አስፋልት አገር ለሚኖር ሰው ይህ ላይታየው ይችላል። በባሕር ዳር ሰፊና ሜዳማ ጎዳና ላይ ማገዣው ሳይኖር መንዳት አይከብድ ይሆናል፤ በደብረ ማርቆስ ዳገትና ቁልቁለት ላይ፣ በገበያ ቀን በጋሪና በእግረኛ መካከል፣ በየቅጽበቱ ቆሞ በየቅጽበቱ ለሚነሣ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። መሪ እጅግ የሚከብደውም በዚሁ ቆሞ በመነሣት ላይ ነው።

ስለ ዓባይ በረሃ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ፣ ከደጀንም በኩል እንዲሁ፣ በዚያ ረጅም ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር አጥፍተው በዜሮ ማርሽ የሚወርዱ ሾፌሮች አሉ። ሞተር ሲጠፋ የዘይት ማገዣው በቅጽበት ይቆማል፤ የፍሬኑም ማገዣ ከጥቂት መርገጥ በኋላ ያልቃል፤ ቁልፉ ከተነቀለ ደግሞ መሪው ሊቆለፍ ይችላል። ማገዣ ባላት መኪና የለመደ ክንድ በኩርባ መካከል ድንገት ሦስት እጥፍ ሲከብደው መኪናው ተሰበረ ብሎ ይደናገጣል። መሪው ግን አልተሰበረም፤ በመሪውና በጎማው መካከል ያለው የብረት ግንኙነት ያው እንዳለ ነው፤ የጠፋው እገዛው ብቻ ነው። ይህን አስቀድሞ የሚያውቅ ሾፌር በሁለት እጁ በኃይል ይዞ ያዞረዋል፤ የማያውቀው ግን ይለቀዋል።

ስለዚህ ለማሠልጠኛ ተቋማት ባልደረቦቼ የማቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው። ሠልጣኝ ሁሉ ከመመረቁ በፊት፣ ማንም በሌለበት ሜዳ ላይ፣ አሠልጣኙ አጠገቡ ተቀምጦ፣ እየተንከባለለች ያለችን መኪና ሞተር አጥፍቶ ቁልፉን ሳይነቅል ያለ እገዛ አዙሮ ዳር ማስያዝን ይለማመድ። እኔ ይህን ለተማሪዎቼ ማድረግ ከጀመርሁ ወዲህ ፊታቸው ላይ የማየው ድንጋጤ በመንገድ ላይ ከመሆኑ በሜዳ ላይ መሆኑ እጅግ ደስ ይለኛል። የአጎቴንም ምክር አብራችሁ አስተምሩ፤ ማገዣ ባላትም መኪና ጎማው ሳይንከባለል መሪ አለማዞር ጎማውን፣ ቴስቲናውንና ፓምፑን ያቆያል።

አንዳንድ ወንድሞች «እኛ ድሮ ያለ ፓወር ነድተን አልሞትንም፤ የዛሬ ልጅ ሰነፍ ነው» ይሉኛል። የክንዳቸውን ጥንካሬ አከብራለሁ። ነገር ግን ከማስተምራቸው መካከል ከግማሽ የማያንሱት ሴቶች ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ መንዳት የተማሩ፣ ትከሻቸውን የሚያማቸው መምህርም አስተምሬያለሁ። ከአደጋ በኋላ አንድ እጃቸው የደከመ ሰዎችም ወደ እኔ ይመጣሉ። እነዚህ ሰዎች ማርሹን በልካቸው ያስገባሉ፣ ፍሪሲዮኑን በዘዴ ይለቃሉ፣ ከብዙ ጉልበተኞች የተሻለ ይጠነቀቃሉ። መሪ የጉልበት መፈተኛ ቢሆን ኖሮ መንገዱ ከእነርሱ ይልቅ ለጉልበተኛውና ለቸኳዩ ይሰጥ ነበር። ለእነርሱ ማገዣው የቅንጦት ዕቃ ሳይሆን መንጃ ፈቃዳቸው ዋጋ እንዲኖረው የሚያደርግ ነገር ነው።

ለመኪና ባለቤቶችም አንድ ጥያቄ አለኝ። መኪናችሁን ስትሸጡ የማገዣው ቺንጋ ተቆርጦ እንደ ሆነ ለገዢው ንገሩት። ስትገዙም ሞተሩ በርቶ፣ መኪናዋ ቆማ፣ መሪውን በአንድ እጅ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሩት፤ የዙሩንም ቁጥር ቁጠሩ። ሦስት ዙር ገደማ ብቻ ዞሮ ከባድ ከሆነባችሁ ማገዣ ኖሮት የተወገደ መሆኑን ጠርጥሩ፤ አራት ዙርና ከዚያ በላይ ዞሮ መጠነኛ ክብደት ካለው ከፋብሪካው እንደዚያ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማድረግ መካኒክ መሆን አያስፈልግም።

የምርመራ ጣቢያ ኃላፊዎች ይህን ደብዳቤ ተመልክታችሁ የመሪን ክብደት በዓመታዊ ምርመራ ዝርዝራችሁ ውስጥ ብታካትቱ፣ በቅድሚያም ቺንጋ የተቆረጠባቸውን መኪኖች እስኪጠገኑ ድረስ ቦሎ ባትለጥፉላቸው፣ ያለ ማገዣ ከፋብሪካ የወጡትን ቀላል መኪኖች ደግሞ በከንቱ ባታጉላሉ፣ የምጠይቀው ሁሉ ይፈጸማል። በግቢያችሁ ውስጥ ለሚደረግ ሙከራ የማስተምርባትን መኪናና የባለቤቴን መኪና ይዤ ለመቅረብ ዝግጁ ነኝ፤ የባለቤቴ መኪና ማገዣ አሁን ተጠግኗል፣ ቺንጋውን አውጥቶ መልሶ በመግጠም ልዩነቱን በሚዛን ማሳየት ይቻላል። ሚዛኑንም እኔ አመጣለሁ።

ከከበረ ሰላምታ ጋር፣

አንድ የአሽከርካሪ አሠልጣኝ
ደብረ ማርቆስ